ምትክ፣ ተቀያሪ፣ ተተኪ

የሮክ ባንድ ዘፋኙን በለወጠ ቁጥር አድናቂዎቹ ይከራከራሉ። በአማርኛ ቢከራከሩ ኖሮ ክርክሩ ከስያሜው ይጀምር ነበር፦ አዲሱ ሰው ምትክ ነው፣ ተቀያሪ ነው ወይስ ተተኪ?

ኤዥያን እንውሰድ። ከየስ፣ ከኪንግ ክሪምሰን እና ከኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የወጡ ስመ ጥር ሙዚቀኞች ያቋቋሙት «ሱፐርግሩፕ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ ለ9 ሳምንታት አንደኛ ነበር። በ1983 ዘፋኙ ጆን ዌተን ሲለይ፣ ለቶኪዮው ኮንሰርት ግሬግ ሌክ ተጠራ፤ አንዳንዶቹ ዘፈኖችም ለድምፁ እንዲስማሙ ዝቅ ተደርገው ተዘፈኑ። ይህ ተቀያሪ ነው፤ እንደ እግር ኳሱ ተቀያሪ፣ ጨዋታው እንዳይጎድል የገባ። ብዙም ሳይቆይ ዌተን ተመለሰ።

ዌተን እንደገና ሄዶ፣ በ1992 «አኳ» የተሰኘው አልበም አዲሱን ዘፋኝ ጆን ፔይንን ይዞ ሲመጣ ግን ነገሩ ከበደ። የዌተንን ድምፅ የናፈቀ አድማጭ ፔይንን የሚሰማው በምትክ ጆሮ ነው። ምትክ ሁልጊዜ የጎደለውን ይጠራል። ልጅ የሞተበት ወላጅ ቀጥሎ የተወለደለትን «ምትኩ» ሲለው፣ በስሙ ውስጥ የሄደውም አብሮ ይጠራል። ስሙ መጽናኛም ሸክምም ነው። ተተኪ ግን የተረከበውን በራሱ እጅ ያስቀጥላል፤ ተተኪ ትውልድ የምንለውም ለዚህ ነው።

ፔይን እስከ 2006 ዘፈነ። ያን ያህል ዓመት ባንዱን የተሸከመ ሰው ምትክ አይባልም፤ ተተኪ ነው።