የእግር አውራ ጣት መጣመምን የሚያስተካክሉ የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች

በእግር አውራ ጣት ሥር ጎልቶ የሚወጣውና ጫማ ሲነካው የሚያሠቃየው ጉብታ በአብዛኛው አዲስ የበቀለ አጥንት አይደለም። ባኒየን በመባል የሚታወቀው ይህ ችግር የሚፈጠረው ከአውራ ጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ እግሩ ውስጠኛ ጎን ሲያዘነብል፣ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ሲጋደም ነው። ጉብታ ሆኖ የሚታየውም የረጅሙ አጥንት ጫፍ ነው።

በመሆኑም ጉብታውን ብቻ ሞርዶ ማንሣት ቀላል መስሎ ቢታይም ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም፤ የአጥንቱ አቅጣጫ እስካልተስተካከለ ድረስ መጣመሙ ይቀጥላል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት የሚመረጠው በአብዛኛው ታካሚው ቆሞ በሚነሣው ራጅ መሠረት ነው። በጣቱና በረጅሙ አጥንት መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ ሲበልጥ ጣቱ ተጣሟል ይባላል። መጣመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ ሼቭሮን በተሰኘው ዘዴ የአጥንቱ ጫፍ በማዕዘን ቅርጽ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይገፋና በብሎን ይታሰራል። ጠንከር ሲል ስካርፍ በሚባለው ዘዴ አጥንቱ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። መጣመሙ የከፋ ወይም አጥንቱ ከሥሩ የላላ ሲሆን ላፒደስ የተሰኘው ዘዴ የሥሩን መገጣጠሚያ አያይዞ ያጸናዋል። የጣቱ መገጣጠሚያ ራሱ በአንጓ ብግነት ተበልቶ ከተገኘ ግን ማቃናት ብቻ ሕመሙን አያስወግድም። በዚህ ጊዜ መገጣጠሚያው እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ይያያዛል፤ ታካሚው ያለ ሕመም ለመራመድ ሲል ረጅም ተረከዝ ያለውን ጫማ መተው ይኖርበታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚከናወነው ዘዴም እየተስፋፋ መጥቷል። ጠባሳው ቢያንስም አጥንት መቆረጡ ስለማይቀር ለመዳን የሚወስደው ጊዜ ያን ያህል አያጥርም።

ከሕክምናው በኋላ ለ6 ሳምንታት ያህል ሶሉ የማይታጠፍ ልዩ ጫማ ማድረግ የተለመደ ሲሆን፣ እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ተቀምጦ የሚሠራ ሠራተኛ በመስክ ሥራ ከተሠማራው ቀድሞ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ቀኝ እግሩን የታከመ ሰው ግን ፍሬን በኃይል መርገጥ እስኪችል ድረስ ከማሽከርከር መታቀብ አለበት።

የጣት መደንዘዝ፣ መድረቅ፣ ኢንፌክሽን፣ የአጥንቱ አለመያያዝና የመጣመሙ መመለስ ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ሲጋራ ማጨስ አጥንቱ እንዳይያያዝ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ማቆም ይገባል፤ የስኳር ሕመምተኞችም የእግራቸው የደም ዝውውር ከቀዶ ሕክምናው በፊት መመርመር ይኖርበታል። የማያም ጉብታን ለመልክ ሲባል ብቻ ማስቆረጥ የማይመከረውም በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። ሰፊ ጫማና ለስላሳ መደገፊያ ጣቱን ባያቃኑትም ሕመሙን ስለሚያስታግሱ አስቀድመው ይሞከራሉ።