አብሮ ማብሰል፣ አብሮ መብላትና የአእምሮ ጤና



በአገር ቤት ሳለን ማዕዱ አንድ ነበር። ቤተሰቡ አንድ ላይ ይቆርሳል፣ ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ እንግዳ ከመጣ ጉርሻ አይቀርበትም። እዚህ እስራኤል ግን ልጆች ለሥራና ለወታደርነት ከቤት ሲወጡ፣ ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ይቀራሉ። ለአንድ ሰው ብሎ ወጥ መሥራት ይሰለቻል። ስለዚህ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ የቀኑ ምግብ ይሆናል። ይህ ልማድ ሰውነትን ብቻ ሳይሆን መንፈስንም ይጎዳል።

ምግብና አእምሮ ምን አገናኛቸው?

ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ፈጥነው ከፍ ያደርጉታል። መጠኑ መልሶ ሲወርድ ድካምና ብስጭት ሊመጣ ይችላል። ጥራጥሬና አትክልት ግን ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ኃይላቸው ይቆያል።

በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ድብርት ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። ገሚሶቹ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትሩ ተመከሩ። ለሌሎቹ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ ከተመከሩት 32 በመቶ ያህሉ ከድብርቱ ሲወጡ፣ ከሌሎቹ የወጡት 8 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

እኛ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ተልባና የጤፍ እንጀራ የራሳችን ምግቦች ናቸው። የስኳር በሽታ በኢትዮጵያ ሳለን በማኅበረሰባችን ብዙም አይታይም ነበር፤ እዚህ ከመጣን በኋላ ግን በጣም ጨምሯል። የስኳር ሕመምተኛ ለድብርት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የተደበተ ሰው ደግሞ ምግቡንና መድኃኒቱን ችላ ስለሚል ስኳሩ ይብስበታል።

አብሮ ማብሰል ለምን ይጠቅማል?

«ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ይላል የአባቶች ተረት። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ምስር ሲለቀም እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል፣ ሐሳብም ይቀላል። ዕብራይስጥ አልገባ ያላቸው እናት በምድጃው ዘንድ አስተማሪ ናቸው፤ አማርኛ የማያውቅ የልጅ ልጅም ሊጡን እያየ ይማራል። ሰው «እፈለጋለሁ» ብሎ ሲያምን መንፈሱ ይበረታል።

እንዴት እንጀምር?

• በሳምንት አንድ ቀን ይምረጡ። ለምሳሌ ዓርብ ጠዋት የሰንበቱን ዳቦ ከልጅ ልጅ ጋር ያቡኩ።
• ጎረቤት ይጥሩ። አንዷ ሽሮ፣ ሌላዋ ጎመን ብትሠራ ለአንድ ሰው አይከብድም።
• ወንዶችም ይግቡ፤ ጎመን መክተፍ ነውር የለውም።
• ቤት ካልተመቸ በሞዓዶን ወይም በማትናስ አብረው ማብሰል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥንቃቄ

የስኳር ሕመምተኛ የእንጀራውን መጠን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር ያድርግ። የደም ግፊት ያለበት ጨው ይቀንስ፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ሊገባባቸው እንደሚችል አይርሳ። ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን የሚወስድ ሰው የጎመኑን መጠን በድንገት አይለዋውጥ። ለስኳር ሜትፎርሚን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ የዚህ ቫይታሚን ማነስ የመርሳትና የድብርት ስሜት ስለሚያመጣ፣ በኩፓት ሆሊም የደም ምርመራ ይጠይቅ። ማታ የሚጠጣ ቡና ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

ሐኪም መቼ?

ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ምግብ አለመፈለጉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለቤተሰብ ሐኪም ይንገሩ። ጥሩ ምግብ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ የታዘዘልዎትን በራስዎ አያቋርጡ። ጭንቀቱ ከበረታ፣ ወይም «ኑሮ በቃኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ቀን ይሁን ሌሊት በ1201 ይደውሉ። መናገር አያሳፍርም።

ማዕዳችሁ አይጉደል፣ አብሯችሁ የሚቆርስም አይጥፋ!