ዩ ስትሪት፡ የዋሽንግተኑ «ጥቁር ብሮድዌይ»

በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ዩ ስትሪት፣ በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁሮች የራሳቸውን መዝናኛ ያቋቋሙበት ሰፈር በመሆኑ «ጥቁር ብሮድዌይ» ይባል ነበር፡፡ ሃዋርድ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1910፣ ሊንከን ቲያትር ደግሞ በ1922 ተከፍተዋል፡፡ በ1899 የተወለደው ዝነኛው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው፡፡ ጥቁር ካቶሊኮች በ1858 የመሠረቱት የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያንም አሁን የሚገኘው በዚያው ነው፡፡

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ብዙ ሱቆች ተቃጠሉ፤ ነዋሪውም ተበተነ፡፡ ከዓመታት በኋላ ኢትዮጵያውያን በአቅራቢያው ባለው ናይንዝ ስትሪት ምግብ ቤቶች ከፍተው ቀዝቅዞ የነበረውን አካባቢ አነቃቁት፡፡ ሃዋርድ ቲያትርም በ2012 ታድሶ ተከፈተ፡፡ ይሁንና የኪራይ መናር የቀድሞ ነዋሪዎችንም ሆነ ሰፈሩን ያነቃቁትን ነጋዴዎች ከአካባቢው ገፍቷል፡፡