ቁልቁለት የወለደው ፍሬን

ከ18 ማዞሪያ ወደ ጦር ኃይሎች በማውንቴን ሳይክል ለሚወርድ የኮልፌ ልጅ ፍሬን ማለት ነፍስ ማለት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዲስኩ እያብለጨለጨ ሲይዙት የማይዝ ሳይክል ሞልቷል። «ዲስክ ነው እኮ!» ተብሎ የተገዛው ሳይክል መጨረሻ ላይ በጫማ ሶል ይቆማል። ለመሆኑ ይሄ ዲስክ ከየት መጣ? ለምንስ ይሰንፋል?

ከስሙ እንጀምር። ጣልያን «ፍሬኖ» ይለዋል። ጎማንም፣ ቸርኬንም፣ ጎሚስታንም ከዚያው ቋንቋ ነው የወሰድነው። ሳይክል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ሳይክል ጋላቢዎች ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የዚያ ዘመን የውድድር ሳይክል ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚይዝ ነበር። ለደረቅ አስፋልት ይበቃል፤ ለክረምት ጭቃ ግን አይሆንም።

ዲስኩ ከመኪና የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡ ግን እስኪታመን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ በ1953 ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር የለማን ውድድርን ሲያሸንፍ ዓለም ዞር ብሎ አየው።

ወደ ሳይክል ያመጣው ደግሞ ቁልቁለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ፣ ጋሪ ፊሸርን፣ ጆ ብሪዝንና ቻርሊ ኬሊን የመሳሰሉ ወጣቶች አሮጌ ሳይክል ይዘው ከተራራ በአፈር መንገድ ይወርዱ ነበር። በጥቅምት 1976 ውድድር ጀመሩ። ወደ 3 ኪሎ ሜትር በምትጠጋ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል! ፍሬናቸው በኋላ ጎማ መሐል የተደበቀ፣ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ነበርና፣ ታች ሲደርሱ ግሪሱ ተቃጥሎ ይጨሳል። ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፈትተው አዲስ ግሪስ ይሞላሉ። ለዚህም መንገዱን «ሪፓክ» አሉት፤ «ዳግም ሙላ» እንደማለት ነው። ማውንቴን ሳይክል ከዚያ ተወለደ፤ ዲስኩም በ1990ዎቹ ተከተለ።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። ሳይክሉና ሰውየው አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑና 100 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ቢወርዱ፣ የሚፈጠረው ሙቀት አዲስ አበባ ላይ ሩብ ሊትር ውሃ ያፈላል። ይህ ሁሉ የሚፈጠረው ጣት የሚያካክሉ የፍሬን ሸራዎች ዲስኩን ሲቆነጥጡ ነው።

እንግዲህ ለምን ይሰንፋል? አንደኛ፣ ዘይት። ካቴናውን ሲቀቡ ዲስኩ ላይ ጠብ ያለች ዘይት ፍሬኑን ትገድለዋለች። ዲስኩን በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ቢቀየር ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሸራው ያልቃል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ይቀየር። ሦስተኛ፣ ካቮው ይላላል። በካቮ በሚሠራው ርካሽ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሸራ ብቻ ነው። ካቮውን ብቻ ማጥበቅ አይበቃም፤ የማይንቀሳቀሰውንም ሸራ በራሱ ብሎን ዲስኩን ሊነካ እስኪቃረብ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ጎማው በቦታው ቀጥ ብሎ መቀመጡን እዩ። አዲስ ሸራ ካስገባችሁ ሜዳ ላይ እየሮጣችሁ 20 ጊዜ ያህል ቀስ በቀስ ያዙት፤ ያን ጊዜ ይነክሳል።

በዘይት የሚሠራው ዲስክ ከሆነ መያዣው እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ሺማኖ የሚጠቀመው ሚኒራል ዘይት ነው። የመኪና የፍሬን ዘይት ከተጨመረበት ጎሚኒዎቹን ያበላሻል፤ ፍሬኑም ቁልቁለት መሐል ይከዳል።

የሪፓክ ልጆች ፍሬናቸው ከኛ የባሰ ደካማ ነበር። ልዩነቱ ከያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ ቁጭ ብለው ፈትተው ማየታቸው ነው። እኛ ዲስኩን ገዛን፤ ልማዱን ግን ገና አልገዛንም። ዋጋው ደግሞ የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።