እንዶድና የሽንት ሕመም

የደሴ ፒያሳ ሰው ዘወትር የሚያውቀው የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በአዋሽ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ ደግሞ ሽንትን በደም የሚያቀላው ቢልሐርዝያ ይገኛል። የበሽታውን ትል ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሐርዝ እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ አገኘው፤ ትሉም ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው።

ለሽንት ሕመም መድኃኒት መሻት በየአገሩ የቆየ ሥራ ነው። በቻይና የሶንግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1076 መድኃኒት ቤት አቋቁሞ፣ በኋላም ቅመማውን በመጽሐፍ አስጻፈ፤ ሽንት ሲያቃጥል የሚሰጠው፣ ስምንት ነገር የሚገባበት ዱቄትም በዚሁ መጽሐፍ ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይታወቃል። በእኛም አገር ደብተሮች የመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ዳሩ ግን ብዙው ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር ስለሚተላለፍ፣ ዐዋቂው ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

እንዶድ ግን ከዚህ ዕጣ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለ ደከሙበት ምርምርም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። እንዶድ የታመመውን አይፈውስም፤ ቀንድ አውጣውን ገድሎ የበሽታውን መንገድ ይዘጋል እንጂ።

እንግዲህ የልብስ አጣቢዎች ዕውቀት ለዓለም የተረፈው አስተውሎ የመረመረውና የጻፈው ሰው ስለ ተገኘ ነው። የቀሩትንም ዐዋቂዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ የመምህራንና የተማሪዎች ፋንታ ነው።