ሆቢ፦ ከእንጨት ፈረስ እስከ ትርፍ ጊዜ

ሲቪ ስንጽፍ ወይም ፎርም ስንሞላ «ሆቢ» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን «ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ኳስ መጫወት» ብለን እናልፋለን። ቃሉ ራሱ ከየት መጣ ብለን ግን ጠይቀን እናውቃለን?

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ሆቢ» ትንሽ ፈረስ ማለት ነበር። አጥኚዎች ስሙ ሮቢን ከሚለው የሰው ስም ቁልምጫ ሳይመጣ አልቀረም ይላሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን «ሆቢ ሆርስ» በበዓል ጭፈራ ላይ ሰው የሚለብሰው የፈረስ ምስል ስም ነበር፤ ልጆች የሚጋልቡት የእንጨት ፈረስም በዚሁ ስም ተጠራ። የእኛም ሕፃናት ዱላ ወይም አገዳ እግራቸው መሃል አስገብተው ይጋልባሉ። ልጁ ይሮጣል፣ ያልበዋል፤ የሚሮጠው ግን በራሱ እግር ነው፤ ፈረሱ የትም አያደርሰውም። ከዚህ ተነሥቶ ቃሉ ሰው ለደስታው ብቻ ለሚይዘው ነገር መጠሪያ ሆነ። ሎረንስ ስተርን እ.ኤ.አ. ከ1759 እስከ 1767 ባሳተመው «ትሪስትራም ሻንዲ» ውስጥ በጦርነት የቆሰሉት አጎት ቶቢ በጓሯቸው የምሽግ አምሳያ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ደራሲውም ይህን «ሆቢ ሆርስ» ይለዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን «ሆርስ» ቀርቶ «ሆቢ» ብቻውን ቆመ። ፈረንሳዮችም ሕፃናት ፈረስን በሚጠሩበት «ዳዳ» በሚለው ቃል ይህንኑ ይገልጻሉ።

አማርኛችን ግን ፈረስ አልፈለገም። ከገበያ ቃል ተውሶ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» አለው። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ገበያ ያደገ ልጅ ትርፍ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በላዩ የመጣው ነው ትርፍ። ዋናውን የበላ ነጋዴ አትርፌያለሁ አይልም፤ ከስሯል።

ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ጉራጌ የሚገቡትን ነጋዴዎች ተመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ ለፍተው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ፤ ከወላጅ ጋር ክትፎ በልተው፣ ተጫውተው ይመለሳሉ። ማንም ሥራ ፈቶች አይላቸውም፤ ዕረፍታቸው ትርፋቸው ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ በስልክ የሚደረገው የኳስ ውርርድም «ጊዜ ማሳለፊያ» ይባላል። ነገር ግን እናት በጉልት ተቀምጣ ያጠራቀመችው የትምህርት ክፍያ ከገባበት፣ የተነካው ዋናው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ አድሮ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ተማሪም እንዲሁ ዋናውን ጊዜ በልቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥16 ስለ ዘመን ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ ከገበያ የወጣ፣ መግዛትን የሚያመለክት ቃል መሆኑ ያስገርማል። ጊዜ ዋጋ እንዳለው ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ኳሱን ተጫወቱ፣ ክራሩን ምቱ፣ ሥዕሉን ሣሉ፤ በእንጨት ፈረስ መጋለብ ነውር የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ «ሆቢ» የሚለውን ቦታ ስትሞሉ ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ የሚወስድብኝ ከትርፌ ነው ወይስ ከዋናው?