አንበሳውና ድርጅቱ፦ የሜትሮ-ጎልድዊን-ሜየር አርማ ታሪክ

የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ታሪክ በሽያጭና በውህደት የተሞላ ቢሆንም፣ ሜትሮ-ጎልድዊን-ሜየርን ወይም በአጭር ስሙ ኤም ጂ ኤምን ያህል ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ንብረቱን የጨረሰ፣ አርማውን ግን ያልለቀቀ ኩባንያ ማግኘት ያስቸግራል። አርማ ሲባል እዚህ ላይ በማስታወቂያ ወረቀት የሚታተመው ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በስክሪኑ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የሚታየው ተንቀሳቃሽ ምስል ጭምር ነው፤ ይህ ምስል ፊልሙን የሠራው ማን እንደሆነ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶችና ለተመልካች የሚያስታውቅ ማኅተም ሆኖ ያገለግላል። የኤም ጂ ኤም ማኅተም የሚያገሳ አንበሳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንበሳው ከድርጅቱ በዕድሜ ይበልጣል። ከዋርሶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ሳሙኤል ጎልድፊሽ በ1916 ኤድጋርና አርቺባልድ ሴልዊን ከተባሉት የብሮድዌይ ቲያትር አዘጋጅ ወንድማማቾች ጋር ሽርክና ገብቶ የፊልም ኩባንያ ሲያቋቁም፣ የጎልድፊሽን ስም መጀመሪያና የሴልዊንን ስም መጨረሻ በማጣመር «ጎልድዊን» የሚል መጠሪያ ወጣለት፤ ጎልድፊሽም ስሙን ከመውደዱ የተነሣ ብዙም ሳይቆይ የራሱ አደረገው። አርማ የማዘጋጀቱ ሥራ የተሰጠው በኋላ በዘፈን ግጥም ደራሲነት ለታወቀው ወጣት የማስታወቂያ ሠራተኛ ለሃዋርድ ዲትዝ ሲሆን፣ እርሱም በተማረበት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖቹ መለያ አንበሳ ስለነበረ ያንኑ ወስዶ ክብ ሆኖ በተጠመጠመ የፊልም ጥብጣብ መካከል አስቀመጠው፤ በጥብጣቡም ላይ «አርስ ግራቲያ አርቲስ» የሚል የላቲን መፈክር አኖረ። መፈክሩ ጥበብ ለራሱ ለጥበብ ሲባል ይሠራል እንደ ማለት ነው። የኪነ ጥበብን ከገንዘብ ነፃ መሆን የሚያውጀውን ይህን ቃል ለትርፍ በቆመ ድርጅት ግንባር ላይ የለጠፈው የማስታወቂያ ሠራተኛ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ኤም ጂ ኤም ራሱ የተወለደው በ1924 ነው። የሎውስ ሲኒማ ቤቶች ባለቤት የነበረው ማርከስ ሎው አዳራሾቹ ያለማቋረጥ አዲስ ፊልም እንዲያገኙ ስለፈለገ በ1920 ሜትሮ ፒክቸርስን ገዝቶ ነበር፤ እርሱ ብቻውን ፍላጎቱን ስላላሟላለት ጎልድዊን ፒክቸርስንና የሉዊስ ቢ. ሜየርን አነስተኛ ኩባንያ ጨምሮ ሦስቱን አዋሐዳቸው። ከሜየር በኩል የመጡት ዋና ሀብቶች ሜየር ራሱና ገና 24 ዓመቱ የነበረው የፊልም ሥራ ኃላፊው ኧርቪንግ ታልበርግ ሲሆኑ፣ ከጎልድዊን በኩል ደግሞ በሎስ አንጀለስ አጠገብ በካልቨር ሲቲ የሚገኘው ሰፊ የቀረጻ ግቢና አንበሳው ተገኙ። ሳሙኤል ጎልድዊን ግን ከሸሪኮቹ ጋር ተጣልቶ ቀደም ሲል በ1922 ስለተገፋ፣ ስሙን ተሸክሞ በሚኖረው ስቱዲዮ ውስጥ አንድም ቀን ሳይሠራ ቀርቷል።

አዲሱ ድርጅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ፊልም በዚያው በ1924 የወጣው፣ ታሪኩ በሰርከስ ዙሪያ የሚሽከረከርና አንበሶች የሚታዩበት «ሂ ሁ ጌትስ ስላፕድ» ሲሆን፣ ከፊቱ በአርማነት የቀረበው በደብሊን የእንስሳት ማቆያ የተወለደው ስላትስ የተባለ አንበሳ ነበር። ዘመኑ የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ስለነበረ ስላትስ አላገሳም፤ ምስሉ ዛሬ ሲታይ አንገቱን በዝግታ ወዲያና ወዲህ ከማዞር በቀር ሌላ ነገር አያደርግም፣ አንዳንዴም ካሜራውን ጨርሶ የረሳው ይመስላል። የተረጋጋ ፊቱና የተበታተነ ጋማው ግርማ ሞገስ እንጂ ቁጣ አይነበብባቸውም፤ አርማው በኋላ የያዘው አስፈሪ ጠባይ ከድምፅ ጋር የመጣ እንጂ ከመነሻው ያልነበረ መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ስላትስ በ1936 ሲሞት በኒው ጀርሲ ግዛት ጊሌት በተባለች መንደር በአሠልጣኙ እርሻ ላይ ተቀበረ።

ግሳቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ1928 «ኋይት ሻዶውስ ኢን ዘ ሳውዝ ሲስ» ከተባለው ፊልም ጋር ነው። በፊልም ጥብጣቡ ጠርዝ ላይ ድምፅ መቅረጽ ገና ስላልተስፋፋ፣ አርማው በስክሪኑ ላይ ሲታይ የጃኪ ግሳት ከሸክላ ይሰማ ነበር፤ ጃኪ ስላትስን የተካውና እስከ 1956 ድረስ በጥቁርና ነጭ ፊልሞች ፊት የቆየው አንበሳ ነው። ባለ ቀለም ፊልም ሲመጣ ደግሞ የጥቁርና ነጩ ምስል ከተከታዩ ትዕይንት ጋር ስለማይገጥም ሌላ አንበሳ በቴክኒከለር መቅረጽ ግድ ሆነ፤ ቴክኒከለር ምስሉን በሦስት መሠረታዊ ቀለማት ለይቶ በመቅረጽና መልሶ በማጣመር የሚሠራ ዘዴ ነው። ለዚህ የተመረጠውና ከ1934 ጀምሮ ያገለገለው ታነር ሲሆን፣ የቶምና ጄሪ ካርቱኖች ተመልካች የሚያውቀው ቁጡ ፊት የእርሱ ነው።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ኤም ጂ ኤም ከሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሁሉ ባለጸጋው ነበር። ተዋንያንን በረጅም ውል አስሮ ከካልቨር ሲቲው ግቢ ፊልም በብዛት ያወጣ ነበር፤ በ1939 ብቻ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ»ን ሠርቶ፣ በዴቪድ ሴልዝኒክ የተዘጋጀውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን አከፋፍሏል። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ስቱዲዮዎች የራሳቸው ሲኒማ ቤት እንዳይኖራቸው የሚያስገድደውን ውሳኔ ሰጠ፤ በላዩም ቴሌቪዥን ተስፋፋ፤ በመሆኑም ከመነሻው ለሲኒማ ቤቶች ቀለብ እንዲያቀርብ የተቋቋመው ድርጅት የቆመበት መሠረት ተናጋ። ሜየር በ1951 ከሥልጣኑ ለቀቀ። በ1959 የወጣው «ቤን ሐር» 11 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቶ ድርጅቱን ለጊዜው ታደገው፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ፊልሙ በክርስቶስ ልደት ትዕይንት ስለሚጀምር ግሳቱ የትዕይንቱን መንፈስ እንዳያውክ ሰግቶ፣ አንበሳው ዝም ብሎ በቋሚ ምስል ብቻ እንዲታይ አስፈቅዷል።

ዛሬም የሚታወቀው ሊዮ የተባለው አንበሳ በአርማው ላይ የወጣው በ1957 ሲሆን፣ ከቀደሙት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ስለነበረ ጋማው አነስ ያለ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኃላፊዎቹ ዘመናዊ ለመምሰል ሲሉ ሕይወት ያለውን እንስሳ ትተው በጥቂት መስመሮች የተሳለ የአንበሳ ራስ ለማስገባት ሞከሩ፤ ይህ ሥዕል በ1968 በወጣው በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ላይ ጭምር ቢታይም፣ ከፊልም ፊት ቶሎ ተወግዶ ሊዮ ተመለሰ። በ1969 ድርጅቱን የተቆጣጠረው ባለሀብቱ ከርክ ከርኮሪያን ትኩረቱ ከፊልም ይልቅ በሆቴልና በቁማር ቤት ላይ ነበር። በ1970 የስቱዲዮው አልባሳትና የትዕይንት ዕቃዎች በጨረታ ተሸጡ፤ በ«ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ላይ የታዩት ቀያይ ጫማዎች በ15,000 ዶላር ሄዱ። በ1973 ላስ ቬጋስ ላይ ኤም ጂ ኤም ግራንድ ሆቴል ሲከፈት፣ ድርጅቱ በዚያው ዓመት የራሱን የፊልም ማከፋፈያ ክፍል ዘጋ።

በአርማው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስገርመው የሆነው በ1982 ነው። የድምፅ ባለሙያው ማርክ ማንጂኒ ግሳቱን እንደገና እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ እውነተኛ አንበሳ ለአርማው የሚፈለገውን ዓይነት የቁጣ ድምፅ አያወጣም ብሎ ስላመነ የነብር ጉርምርምታን ተጠቀመ። በመሆኑም ተመልካች የአንበሳ ግሳት ብሎ በአእምሮው የያዘው ድምፅ በአብዛኛው የሌላ አውሬ ድምፅ ነው።

ቴድ ተርነር በ1986 ድርጅቱን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ከገዛው በኋላ ዕዳው ስለከበደው በወራት ውስጥ ስሙንና አርማውን መልሶ ለከርኮሪያን ሸጠ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተሠሩትን የኤም ጂ ኤም ፊልሞች ግን ለራሱ አስቀረ፣ የካልቨር ሲቲውንም ግቢ ለሌላ ኩባንያ ሸጠ። የተርነር ክምችት በ1996 ከታይም ዋርነር ጋር በተደረገው ውህደት ወደ ዋርነር ብራዘርስ ሲያልፍ፣ ግቢው ቀደም ብሎ ለሶኒ ሆኖ ነበር። ኤም ጂ ኤም በ2010 ኪሳራ አውጆ በአበዳሪዎቹ እጅ ወደቀ፤ በ2021 የሊዮ ቅጂ በኮምፒውተር እንደ አዲስ ተሠራ፤ በ2022 ደግሞ አማዞን ድርጅቱን በ8.45 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ ምክንያት «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ዛሬ ሲታይ ፊልሙ የዋርነር፣ የተቀረጸበት ግቢ የሶኒ፣ መግቢያው ላይ የሚያገሳው አንበሳ የአማዞን ነው።